የታረሰው አውድማ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ። ልጄ፣ ምንጣፍሽን ጠቅልለሽ ከመሮጥሽ በፊት የዚህን ሰው ነገር ስሚ፤ ለጥያቄሽ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። «እትዬ፣ ስድስት ወር ሙሉ ዮጋ ሠራሁ። ወገቤ ተፍታታ፣ ልቤ ግን አልረካም። መጨረሻ ላይ በጀርባችን የምንተኛበትን አሥር ደቂቃ ትተን ሌላ እንቅስቃሴ ቢጨምሩልኝስ? ዝም ብሎ መጋደም የሥራ ፈት ነው» ብለሽኛል። እንግዲያው ስሚ።

ይህ ገበሬ ሰነፍ አልነበረም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ልጅ ሳለ ክፉ ዘመን ደርሶበት ብዙ ቀን ጦሙን አድሯል። በእኛ አገር ደግሞ ሳይዘራ የቀረ መሬትም «ጦሙን አደረ» ይባላል። ለሌላው ሰው ይህ ተራ አነጋገር ነው። እሱ ግን ባዶ መሬት ባየ ቁጥር ያ የራበው ልጅ ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል። ስለዚህ ዘራ። የከብቶቹን መሰማሪያ አርሶ ዘራ፤ ጓሮውን ዘራ፤ ወደ ወንዝ የሚወስደውን የገዛ መንገዱን ሳይቀር ዘራ።

ሚስቱ «አንተ ሰው፣ መቼ ነው የምትቀመጠው?» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ዘንድሮ እህሉ ይግባ እንጂ፣ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ጠገብኩ እላለሁ» ይላታል። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ይህንኑ ነበር። ዓመት መጥቶ ዓመት ይሄዳል፣ እህሉም ይገባል፤ እሱ ግን አይቀመጥም።

አንድ ክረምት መሬቱን ሁሉ ዘርቶ ዙሪያውን ቢመለከት አንድ ባዶ ቦታ ቀረ፤ አውድማው። የከተማ ልጅ ነሽና ልንገርሽ፤ አውድማ እህል የሚወቃበት ቦታ ነው። ነፋስ የሚያገኘው ከፍ ያለ መሬት ይመረጥና ድንጋዩ ይለቀማል፣ ይደለደላል፣ ይጠቀጠቃል፣ በእበት ይለቀለቃል። ይህን አውድማ አያቱ ጀምሮት አባቱ አጠንክሮታል። በዓመት የሚሠራው ጥቂት ሳምንት ነው፤ የቀረውን ጊዜ ባዶውን ይተኛል። ሣር እንኳ አይበቅልበትም።

ገበሬው ቆሞ አየው። «እኔ ስለፋ አንተ ትተኛለህ?» አለው። መሬት የሚቆጣ ሰው ከእሱ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

ሚስቱ ሮጣ ወጣች። «ኧረ እሱን እንኳ ተው! ኋላ የት ልትወቃ ነው?»

«ለመውቂያው ገና ነው። እስከዚያ አንድ መላ አይጠፋም» አላትና በሬዎቹን ጠመደ። መሬቱ ከመጠንከሩ የተነሣ ማረሻው ሁለት ጊዜ ተንሸራተተበት፤ በሦስተኛው ገባ። አርሶ ጤፍ ዘራበት።

ያ ዓመት የጥጋብ ዓመት ሆነ። ዝናቡ በልኩ ዘነበ፣ ውርጩም ራራ። ከሁሉም ያማረው ደግሞ የአውድማው ጤፍ ነበር፤ የስንት ዓመት እበት የጠገበ መሬት ነዋ። ገበሬው እየዘፈነ አጨደ። «አላልኩሽም?» እያለ ሚስቱን ሲያበሽቃት ሰነበተ።

አጭዶ፣ ነዶውን አስሮ፣ ተሸክሞ መጣና ቆመ። ነዶውን የሚያወርድበት ቦታ የለም። ወደ ጎረቤቱ ሮጠ። ጎረቤቱ ደግ ሰው ነበር፤ «ወንድሜ፣ አውድማዬን አልነፍግህም፤ ግን ይኸው የእኔው እህል ተከምሮበታል። ሁለት ሳምንት ታገሠኝ» አለው። አዲስ አውድማ ላብጅ ቢል፣ መጠቅጠቁና ማድረቁ ቀን ይፈልጋል፤ ያለ ወሩ የመጣ ደመና ደግሞ ከተራራው ማዶ እየጠቆረ ነው። መታገሡንስ መቼ ለምዶት! ነዶውን ባረሰው መሬት ላይ በተነና በሬዎቹን አስገባ።

ጤፍ ምን ያህል ደቃቃ እንደሆነች ታውቂያለሽ። ስሟ ራሱ «ጠፋ» ከሚለው የመጣ ነው ይላሉ፤ ከእጅ ካመለጠች አትገኝም። መሬቱ ፀሐይ መትቶት ተሰነጣጥቋል። ገበሬው በሬዎቹን እየነዳ ዞረ፣ ዞረ፣ ገለባው ለሰለሰለት። ከዚያ ገለባውን በመንሹ አነሣና ምርቱን ለማየት ጎንበስ አለ። አፈር ነው። አለፍ ብሎ አነሣ፤ አፈር ነው። ፍሬው ሁሉ ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል። ተንበርክኮ አፈሩን በሁለት እጁ እየዛቀ ነፋው። ጥቂት ፍሬ ያገኘ መሰለውና አፉ ውስጥ ጨመረ፤ ጥርሱ ላይ አሸዋ ተንቀጫቀጨ።

«እህል አላጣንም» አለች ሚስቱ ከኋላው ቆማ። «መሬቱ ሰጥቶን ነበር። መቀበያ ነው ያጣነው።»

እሷ አላለቀሰችም፤ እሱ ግን እንደ ሕፃን አለቀሰ። የቀረው ነዶ በማግሥቱ ዝናቡ ወረደበትና እርሻው ላይ እንደተኛ በቀለ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ጠገብኩ ለማለት ግን አልነበረም፤ የሚሄድበት ስለጠፋው ነው።

ልጄ፣ ያ ገበሬ አንቺ ነሽ። እርካታ ተነፈግሁ ትያለሽ፤ አልተነፈግሽም። ባለፈው ሳምንት ልጅሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ገጽ እንዳነበበችልሽ ነግረሽኛል። አንቺ የመሥሪያ ቤት መልእክት እየመለስሽ ነው የሰማሻት። «ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ» አልሽኝ። መሰለኝ! ሰው የገዛ ደስታውን ይጠራጠራል? ያቺ ደስታሽ ናት እንግዲህ ስንጥቅ ውስጥ የገባችው ፍሬ። እኔ አላወጣልሽም፤ ዮጋም አያወጣልሽም።

አሁን ደግሞ የቀረችሽን አሥር ደቂቃ እንዳርስልሽ ትለምኚኛለሽ። እጅና እግር ማጠፉ፣ መቆሙ፣ መጠማዘዙ ማጨድ ነው፤ እሱንማ ድሮም ታውቂበታለሽ። መጋደሙ ነው አውድማው። ምንም አይበቅልበትም፤ ግን የሰበሰብሽው ሁሉ ፍሬው ከገለባው የሚለየው እዚያ ነው።

ደግሞ አልሸነግልሽም፤ አውድማ በአንድ ቀን አይጠነክርም፣ አንቺም የአንቺን ክፉኛ አርሰሽዋል። ዛሬ ስትተኚ ሰላም አታገኚም፤ የምታገኚው ስንጥቁን ነው። የፈሰሰውን ሁሉ ታስቢና ልብሽ ይሰበራል። እኔም እዚሁ ወለል ላይ አልቅሻለሁ፤ እንዲህ መተኛት የጀመርኩት ልጆቼ አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ ነውና። የአንቺዋ ገና ቤት ናት። ተኚ።