የፊታውራሪ ጓንጉል ሲኒማ

ፊታውራሪ ጓንጉል ለንደን ከርመው ሲመለሱ የፊልም ማሳያ ይዘው መጡና አዳራሻቸውን ሲኒማ ቤት አደረጉት። የሚያሳዩት የእንግሊዝ ፊልም ብቻ ነበር። ችግሩ፣ ፊልሙ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከፊት ቆመው "ይኼን ሰውዬ አያችሁት? አሁን ይሞታል!" እያሉ ስለሚያስረዱ፣ ሕዝቡ የሚያየው የሳቸውን ጀርባ ነበር።

አንድ እሑድ ከወረዳው ዳኛ ጋር ተከራከሩ። ፊታውራሪ "ከእንግሊዝ ፊልም ሁሉ ታላቁ የመርከበኞቹ ነው" ሲሉ፣ ዳኛው "የለም፣ በፍቅር ስላበደችው አስተማሪ የሚያወራው ነው" አሉ። ክርክሩ አልበርድ ሲል ፊታውራሪ ከኋላ የተቀመጠችውን ሽንኩርት ነጋዴ ጠሩ። ምላሰኛ ስለነበረች እሷን የሚያዋርዱበትን ቀን ሲጠብቁ ኖረዋል።

"አንቺ ፍረጂ! የኔን ካልሽ አሽቃባጭ ነሽ፤ የዳኛውን ካልሽ ደፋር ነሽ። በየትኛውም ቢሆን ሁለተኛ እዚህ ደጅ አትደርሺም!"

ሴትየዋ ክው አለች። የገበያውን ጣጣ ረስታ የምትስቅበት ቦታ ይኸው አዳራሽ ብቻ ነበር። ቢሆንም ምላሷ ቀደማት።

"ጌታዬ፣ ታላቁ ፊልምማ እርስዎን የሚያስተኛዎት ነው።"

ፊታውራሪ ቱግ አሉ። "እኔ ፊልም ላይ አንድም ቀን ተኝቼ አላውቅም!"

"እኛም የምናዝነው በዚሁ ነው፤ ታላቁን እስከ ዛሬ ሳናየው ቀረን!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፊታውራሪም ማባረሩ አሳፈራቸውና "በይ ተቀመጪ" አሏት፤ ቀጥለውም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሳቸውም ተቀመጡ።