ዘግይተው የሚስቁት አባት

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ እትዬ ዘውድነሽ። ንጋቱ ጥያቄውን ገና ተናግሮ መጨረሱ ነበር። የሚስቱ የእታገኝ ታናሽ እህት፣ እንደ ልጇ አድርጋ ያሳደገቻት፣ ሞታለች። ሙት ዓመቷ ወጥቷል፤ ዘመድ ሁሉ ጥቁሩን አውልቋል፤ እታገኝ ግን አላወለቀችም። ንጋቱ ባለ አበባ ቀሚስ ገዝቶ፣ እሁድ ለልጃችን ልደት ይህን ልበሺ ሊላት ቆርጦ፣ ከዚያ ደግሞ ፈራና ጎረቤቱ ወደሆኑት ጡረተኛ መምህርት ወደ እትዬ ዘውድነሽ መጣ። የቀሚሱን ፌስታል ጉልበቱ ላይ እንደያዘ «እኔም አዝኛለሁ፣ ግን ተነሥቻለሁ። እሷን እንዴት አድርጌ ቶሎ ላስነሣት?» ብሎ ነበር የጠየቃቸው። እሳቸውም እንዲህ ብለው መለሱለት።

አንድ ሰው ነበረ አልኩህ። ማን እንደሆነ ምን ያደርግልሃል፤ ዝም ብለህ ስማ። ይህ ሰው ሚስትና ልጆች ነበሩት፤ አባቱም አብረውት ይኖሩ ነበር። አባትየው ዕድሜ ልካቸውን ወፍጮ ቤት የሠሩ ናቸው። ጩኸቱ ጆሯቸውን ጨረሰው እንጂ ጨዋታቸውን አልነካባቸውም፤ እህል ልታስፈጭ የመጣች ሁሉ እየሳቀች ነበር የምትሄደው። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ አስቂኝ ድራማ ያያል። ሽማግሌው ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያችን ሰዓት ነበር።

ጆሯቸው እየደከመ ሲሄድ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተጨመረ፤ አሁንም ተጨመረ፤ በኋላማ መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ነው የሚያዩት። ምራታቸው ራሷን አስራ ጓዳ ትገባለች። ጎረቤትም አጉረመረመ።

ሰውየው አንድ መላ ዘየደ። ድራማውን የሚያጫውተው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ምስሉንና ድምፁን ለቴሌቪዥኑ በሽቦ ይልካል። ሰውየው ደግሞ ድምፁን በዋይፋይ የሚቀበል ትንሽ ዕቃ ገዛና የአባቱ ወንበር ክንድ ላይ አሰረው፤ ከእሱም ላይ ጆሮ ሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ ሰካላቸው። ሌላው ሰው ከቴሌቪዥኑ በልኩ ይሰማል፤ አባት በማዳመጫው እንደፈለጉ አስጩኸው ይሰማሉ። ዘፈን ከፈተላቸውና «አባባ፣ ይሰማዎታል?» አለ። «ጥርት ብሎ ነዋ» አሉት። ቤቱ ሰላም አገኘ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ፤ ሽማግሌው ዘግይተው መሳቅ ጀመሩ። ቀልዱ ይነገራል፣ ቤቱ በሙሉ ይስቃል፣ ሳቁ ያልቃል፤ ጸጥ ሲል እሳቸው ብቻቸውን ከት ብለው ይስቃሉ። ትንሿ የልጅ ልጃቸው «አያቴ ሁልጊዜ በኋላ ነው የሚስቁት» አለች። ክፋት አይደለም፣ ያየችውን ነው የተናገረችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ የተሳቀው በማን እንደሆነ ግን ገብቷቸዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳቃቸውን ዋጡት። በሚቀጥለው እሁድ ቴሌቪዥኑን ትተው የልጆቹን ፊት ማየት ያዙ። ልጆቹ ሲስቁ ይስቃሉ፣ ልጆቹ ዝም ሲሉ ዝም ይላሉ። ቀልዱ ገና ጆሯቸው ሳይገባ ማለት ነው። አባት በልጅ ልጆቹ ፊት ሳቅ ሲለምን፤ እኔ ይሄ ከለቅሶ ይብስብኛል። ቆይተው ደግሞ «ወገቤን አሞኛል» ብለው እሁድ ከክፍላቸው መውጣት ተዉ።

ዘመድ ወዲያው ፈረደ። የሰውየው ወንድም «አባባ አርጅተዋል፤ ነገር ቶሎ አይገባቸውም። አታድክማቸው፣ ይረፉበት» አለ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። ያንን ሰው የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። «ትናንት ጠጋ ብዬ ጨዋታ ሳወራላቸው ገና ሳልጨርስ ነው የሳቁት» አላቸው። «ስለዚህ አባቴ ደህና ናቸው። ያልሆነ ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እፈልገዋለሁ።»

መፈለግም ያውቅበታል። ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ዕቃ ከቡፌው ጀርባ አውጥቶ ወደ አባቱ ወንበር አስጠጋው። አጥፍቶ አበራው። ልጆቹን ስልካችሁን ለጊዜው ዝጉ አላቸው። ማዳመጫውን በሌላ ለወጠው። አንዱን ነክቶ ያያል፤ ካልሆነ እንደነበረ መልሶ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ ሁሉን ባንዴ አይጎረጉርም። በየመሐሉ ዘፈን ይከፍትና «አባባ፣ ይሰማዎታል?» ይላል። «ይሰማኛል ልጄ» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፣ ይሰማቸዋል። ዘፈን ደግሞ ትንሽ ቢዘገይ ማን ያውቀዋል? መቼ እንደሚሰማቸው የጠየቃቸው የለም። የተዋናዩ አፍና ድምፁ አለመግጠሙን እሳቸው አይተውታል፤ ግን የራሳቸው እርጅና መስሏቸው አፍረው ዝም ብለዋል።

ሰውየው ሁሉን ሞክሮ ሲያልቅበት ምን አደረገ፤ አንድ እሁድ፣ ቤተሰቡ እንደተሰበሰበ፣ ሄዶ አባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የአባቱን ማዳመጫ ጆሮው ላይ አደረገና ድራማውን እንደማንኛውም ሰው ማየት ጀመረ። ተዋናዩ አፉን ከፍቶ ዘጋ። ልጆቹ ሳቁ፤ ሚስቱ ሳቀች። እሱ ገና ምንም አልሰማም። ወዲያው ቀልዱ ጆሮው ውስጥ ገባና ሳያስበው ሳቀ፤ ሁሉም ዞረው አዩት። ያን ጊዜ አባቱ እሁድ እሁድ ምን ሲሆኑ እንደከረሙ በራሱ ላይ ደረሰበት። ማዳመጫውን አውልቆ እንባው እንዳይታይበት ጓሮ ወጣ አሉ። እኔም ብሆን እወጣ ነበር።

ሲመለስ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የፈለገው የዘገየውን ማፍጠን ነው፤ ያው ሁላችንም የምንፈልገው እሱን ነው። አልሆነም። በዋይፋይ የሚመጣ ድምፅ የሚደርሰው በቁርጥራጭ ነው፤ ያች ትንሽ ዕቃ ቁርጥራጩን ጥቂት አጠራቅማ ነው ለጆሮ የምትሰጠው። ሳታጠራቅም እንድትሰጥ ሲያስገድዳት ድምፁ ይቆራረጥና ሌላው ቀርቶ ቃሉ እንኳ አይለይም። ዕቃዋ አልተበላሸችም፤ ሥራዋ ጊዜ ይወስዳል፣ በቃ።

ስለዚህ ዞር ብሎ ቴሌቪዥኑን አየ። የሚቀድመው እሱ ነው፤ የሚቀድም ደግሞ መጠበቅ ይችላል። ሰው ሲያጨበጭብ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተ። አንድ ጆሮውን ለቴሌቪዥኑ፣ ሌላውን ለማዳመጫው ሰጠ። አንዱ ጭብጨባ ሁለት ጊዜ ተሰማው። ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደውን ምስልና ድምፅ ኮምፒውተሩ ጥቂት እንዲያቆየው አዘዘ፤ ሁለቱ ተቀራረቡ። አሁንም ጥቂት አስቆየው። እንዲህ እያለ ጭብጨባው አንድ ሆነ። ሚስቱ ከበስተኋላው ቆማ «እንግዲህ እኛ ሁላችን ልንዘገይ ነው?» አለችው። «እኛ ምን ይቀርብናል?» አላት።

በሚቀጥለው እሁድ አባቱን ስለ ዋይፋይ አላስረዳቸውም። «ዛሬ ያለ እርስዎ አንጀምርም» ብሎ ክንዳቸውን ይዞ አመጣቸው። ተቀመጡ፤ ዓይናቸው እንደለመደው የልጆቹ ፊት ላይ ነው። ቀልዱ ተነገረ፤ ሳቃቸውም ከልጆቹ ሳቅ ጋር እኩል ወጣ። ደንግጠው ዙሪያቸውን አዩ። ሁለተኛው ቀልድ ላይም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ማንንም አላዩም፤ ቴሌቪዥኑን እያዩ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ሲያልቅ ልጃቸውን «የዛሬዎቹ ተዋንያን ጎበዞች ናቸው» አሉት። «እውነትዎን ነው አባባ፣ የዛሬዎቹ ይሻላሉ» አላቸው። እስከ ዛሬም የነገራቸው ነገር የለም። ስንቱን ሰው አይቻለሁ፤ ለአባቱ እንዲህ ያለ ውለታ ውሎ አፉን የያዘ ግን እሱን ነው ያየሁት።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ንጋቱ። እታገኝ ምንም አልተበላሸችም። ያ ሞት ለአንተ የዚያኑ ዕለት ደረሰህ፤ አለቀስክ፣ ወጣልህ። እሷ ያን ጊዜ ለቀስተኛ ስታስተናግድ፣ እናቷን ስትደግፍ፣ የእህቷን ልብስ ስታጣጥፍ ነበረች። ለእሷ ገና አሁን ነው እየደረሳት። አንተ «ተነሥቻለሁ» ያልከኝ እንደ ቴሌቪዥኑ መቅደም ነው፤ ሐዘኑ ቀድሞ ስለደረሰህ ነው።

እንቢ ትለኛለች ብለህ ነው አይደል የፈራኸው? እኔ የምፈራልህ እሺ ትልሃለች ብዬ ነው። ቀሚሱን ትለብስልሃለች። እሁድ እንግዳው መሐል ቆማ ፊትህን እያየች፣ አንተ ስትስቅ ትስቃለች፣ አንተ ስታቆም ታቆማለች። አንተም ዳነችልኝ ትላለህ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ወገቤን አሞኛል ትልሃለች፤ ያኔ ከክፍሏ የሚያወጣት አታገኝም።

ያ ሰው ለአባቱ የሚደርሰውን ማፍጠን አልሆነለትም፤ ቤቱን አቆየ። አንተም ራስህን አቆይ። ዛሬ ቤት ስትገባ አጠገቧ ተቀመጥና ስለ እህቷ አውሪኝ በላት፤ ወንበሯ ላይ መቀመጥ ማለት እሱ ነው። የልጁን ልደት አድርጉ፤ እሷ በጥቁሯ ትቁም፣ ለሚጠይቅህም አንተ መልስ ስጥ። ቀሚሱን ከፌስታሉ አውጥተህ ቁምሳጥን ውስጥ ስቀለው። ያም ቀን መጥቶ ለብሳው ስትወጣ «ጎሽ፣ በመጨረሻ» እንዳትላት። ቀለሙ ያምርብሻል በላት፤ ሌላ ምንም አትጨምር።