ክፍቱን ያደረ ጋን

«አንድ ጠላ ጠማቂ ነበረ» ብለው ጀመሩ የኔታ ላቀው፤ ከፊታቸው የተቀመጠው ወጣት ግን ፊቱ ጠቆረ። ወጣቱ ድሮ ፊደል ያስቆጠሩት ልጅ ነው። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተምሯል። ዛሬ የመጣው ተረት ሊሰማ አልነበረም። የወረዳው ምንጮች ለምን እንደሚደርቁና ምን ቢደረግ እንደሚተርፉ አጥንቶ ጽሑፉን ለዩኒቨርሲቲው መርማሪዎች ሰጥቶ ነበር። መርማሪዎቹ በርእሱ ሲከራከሩ፣ በስልቱ ሲከራከሩ፣ የየትኛው ክፍል ሥራ ነው እያሉ ሲከራከሩ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ «ጊዜው ያለፈበት ነው፤ የተጠቀሱት ምንጮች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም» ብለው መለሱለት። እሱም የኔታን የጠየቃቸው ይህን ብቻ ነው፦ «ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ከሆነ ልወቀውና ልተወው።»

«አዎ፣ ጠላ ጠማቂ» አሉ የኔታ፣ ቀጠሉም።

ይህ ጠማቂ ሙያውን የተማረው ከእናቱ ነው። እናቱ ስትሞት ጋኖቿንና ደጃፏ ላይ የቆመውን ረጅም እንጨት ወረሰ። በእንጨቱ ጫፍ ጣሳ ተደፍቶበታል፤ መንገደኛ ያንን ጣሳ ሲያይ እዚህ ቤት ጠላ አለ ብሎ ይገባል። ወንድ ልጅ ጠላ ጠመቀ ብለው የሳቁበት ነበሩ። ከቀመሱ በኋላ ግን ሳቃቸውን ትተው ዋንጫቸውን ዘረጉ።

በዚያው ከተማ ጠላ አዋቂዎች ነን የሚሉ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሀብታም ነጋዴ፣ አንዱ የዳኛ ጸሐፊ፣ አንዱ ሩቅ አገር ደርሶ የተመለሰ መንገደኛ። በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰብስበው ስለ ጠላ ያወራሉ። ያወራሉ እንጂ ይጠጣሉ አይባልም። አንድ ዓመት የወይራ ጭስ የማይሸት ጠላ ጠላ አይደለም አሉ፤ ከተማው ሁሉ ጋኑን በወይራ አጠነ። በዓመቱ ጭስ የባላገር ነው አሉ፤ ከተማው ሁሉ ጋኑን ሲፍቅ ከረመ። ደፍራሹ ይሻላል ሲሉ የጠራው ይደፋል፤ የጠራው ይሻላል ሲሉ ደፍራሹ ለከብት ይሰጣል። ሰዉም የገዛ ምላሱን ትቶ በእነሱ አፍ መጠጣት ለመደ። እነሱ ያመሰገኑት ቤት መቀመጫ ይጠፋበታል። እነሱ የነቀፉት ቤት ጣሳውን ከእንጨቱ ያወርዳል። ደንቡ ይህ ነበር፤ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ጠላ የማስቀመስ ተራው የጠማቂው ሆነ። ሰውየው ገብሱን ራሱ መረጠ፤ አሻሮውን ሳያሳርር ቆላ፤ ጋኑን እናቱ እንዳስተማረችው በወይራ አጠነ። ደፍድፎ፣ አፉን በጭቃ መርጎ ጠበቀ። የሚደርስበትን ቀን ቆጥሮ ሦስቱን ጠራቸው። በደንቡ መሠረት ምርጊቱን የሰበሩት እነሱ ናቸው። ሽታው ቤቱን ሞላው።

«ይህ የቆላ ጌሾ ነው» አለ ነጋዴው ጋኑ ላይ አጎንብሶ።

«የደጋ ነው እንጂ። ያንተ አፍንጫ በርበሬ ሲመዝን ኖሮ ሞቷል» አለ ጸሐፊው።

«ያንተስ? ቀለም ሲያሸት የኖረው?»

ጠማቂው እንደ ወጉ ከጋኑ ትንሽ በቅል ቀድቶ መዳፉ ላይ አንጠባጠበና ቀመሰ። ልክ ደርሷል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ወጥቶለት አያውቅም። ልቡ ደስ ቢለውም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጌቶቼ፣ ልቅዳ?» አለ።

«ቆይ እንጂ» አለ ነጋዴው። «ጠላ እግር አለው እንዴ ትቶህ የሚሄደው?»

ያኔ መንገደኛው ቀና አለ። «ጭስ ይሸታል። ዘንድሮ ጭስ ቀርቷል። እኔ በነበርኩበት አገር እንዲህ ያለውን ክፍቱን ያሳድሩታል፤ ጭሱ ይወጣለታል።»

ይህን ስትሰማ የጠማቂው ሚስት ከጓዳ ወጣች። «ክፍቱን ያደረ ጠላ ጠላ ይሆናል? ኧረ በማርያም፣ አሁኑኑ ጠጡት።»

«እመቤት» አላት ጸሐፊው በትሕትና፣ «እርስዎ የሚያውቁት መጥመቁን ነው። መቅመስ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።»

ሄዱ። ጠማቂው እጁን ወደ ክዳኑ ላከና መለሰው። ቢከድነው ደንብ አፈረሰ ይባላል፤ ጣሳውም ይወርዳል። እናም ሌሊቱን ዝንብ እሽ ሲል አደረ፣ ጋኑንም እንደ ታመመ ሰው አስታመመው። በማግስቱ መጡ። ያን ቀን ደግሞ በቀንድ ዋንጫ ይጠጣ ወይስ በሸክላ የሚል ክርክር ተነሳ። ጠማቂው ማሰሮውን ይዞ ቆሞ ክንዱ ዛለ። ሳይስማሙ ተበተኑ። በሦስተኛው ቀን፣ ክርክሩ ራሱ ሲሰለቻቸው፣ ጠጡ።

«ኮምጥጧል» አለ ነጋዴው።

«ኮምጥጧል» አለ ጸሐፊው።

መንገደኛውም ራሱን ነቀነቀ። ሦስቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

«በከፈታችሁት ቀን እንዲህ አልነበረም» አለ ጠማቂው።

«እኛ የምንፈርደው በቀመስነው ነው። በዚያ ቀን የቀመሰው ማን ነው?» አለ ጸሐፊው።

«እኔ።»

«አንተማ ጠማቂው ነህ። ሰው ለራሱ አይመሰክርም።»

ሚስቱ ሦስቱን እስከ በር ሸኘቻቸው፤ ነጋዴውንም «እግር አለው ወይ ብለው ነበር፤ እንዳለው አዩ?» አለችው። ጠማቂው እንጨቱ ላይ ወጥቶ ጣሳውን አወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በከተማው ስሙ «ኮምጣጤው» ሆነ፤ ጠላውን ቀምሰው የማያውቁ ልጆች እንኳ በዚህ ስም ጠሩት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ጋኖቹን ባየ ቁጥር ያንገሸግሸዋል። በኋላ ሚስቱ፣ «በእነሱ ተናደህ ገብሱን ልታስነቅዘው ነው?» ብትለው ተነሳና እንደገና ጠመቀ። ጋኑን በወይራ አጠነ፤ እንደውም አብዝቶ አጠነ። በደረሰበት ቀን ሦስቱ ሰዎች ወሬው ደርሷቸው መጡ፤ የተነቀፈ ቤት አንዴ እንደገና ይታያልና። ጠማቂው ጋኑን ከልሎ ቆመ።

«ዋንጫችሁስ?» አላቸው።

«የዋንጫው ነገር ገና አልተቆረጠም» አለ ጸሐፊው።

«እንግዲያው ምርጊቱ አይነሳም። ዋንጫ በእጃችሁ ያዙ፣ ያኔ እከፍታለሁ።»

«ያዛል እንዴ ይሄ ሰውዬ!» አለ ነጋዴው።

ጠማቂ ቀማሽን ማዘዝ ይችላል ወይ የሚለውን ሊመክሩ ከግቢው ወጥተው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ለእነሱ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነበር። በዚያው ሰዓት ከድልድይ ሥራ የሚመለሱ ሰዎች በደጁ አለፉ፤ አቧራ ቅንድባቸው ላይ ተጋግሯል። «ውሃ አታጠጣንም፣ ወንድሜ?» አለ ከፊት ያለው።

ጠማቂው ወደ ዛፉ አየ፤ ጋኑንም አየ። ዋንጫዎቹን ሚስቱ ለጎረቤት ድግስ አውሳቸዋለች። ጥግ ላይ ግን ያ የወረደው ጣሳ አለ። አነሳው፣ አጠበው። ከዚያም ምርጊቱን በገዛ እጁ ሰበረ። እንደ ወጉ መዳፉ ላይ አድርጎ ቀመሰ፤ ያው የመጀመሪያው ጣዕም ነው። ጣሳውን ሞልቶ ሰጠ።

ሰውየው ሳይተነፍስ ጨለጠው።

«እንዴት ነው?» አለ ጠማቂው።

«ምኑ?»

«ጠላው።»

ሰውየው ጣሳውን መልሶ ዘረጋለት። «ድገመኝ» አለ።

ጣሳው ከእጅ እጅ ዞረ። ስለ ጌሾው የጠየቀ የለም፤ ስለ ጭሱም ያነሳ የለም። አንዱ ስለ ድልድዩ አለቃ ሲቀልድ ሌሎቹ ሳቁ፤ ጋኑ ሲጎድል ወደ ጎን ያዘነብሉለት ጀመር። ሦስቱ ሰዎች ምክራቸውን ጨርሰው ሲገቡ ጋኑ ውስጥ አተላ ብቻ ቀርቷል። ነጋዴው ጣቱን ነክሮ ላሰ።

«ይኮመጥጣል» አለ።

«አላልኩም?» አለ መንገደኛው። ሦስቱም ፍርዳቸው እንደ ጸና ተናግረው ሄዱ።

የኔታ ተረቱን እዚህ ላይ አቆሙ። ወጣቱም፣ «ታዲያ ስሙ ተመለሰለት?» አለ።

«አልተመለሰም። ፍርዱን የሻረውም የለም። ኮምጣጤው እንደተባለ ሞተ። ይህን የምነግርህ እንዳትታለል ብዬ ነው።» ቀና ብለው አዩት። «አሁን ስማኝ፣ ልጄ። ጽሑፍህ ያ ጠላ ነው። ጊዜው አለፈ ያሉህ እነሱ ራሳቸው ያሳለፉትን ጊዜ ነው፤ ክፍቱን አሳድረው ኮመጠጠ አሉህ። በመጥመቁ ጥፋት የለብህም። ጥፋትህ አንድ ነው፤ ዋንጫ ላልያዘ ሰው ከፍተሃል። ሁለተኛ እንዳትከፍት።»

«እነሱ ካልፈረሙበት ማን ያነበዋል?»

«ሳይደርቅ የቀረ ምንጭ የለም?»

ወጣቱ አሰበ። «አንድ አለ። ከዋርካው በታች። እሱም እየቀነሰ ነው።»

«ከእሱ የሚቀዱ ሰዎችስ?»

«አሉ።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ? ሂድና ምንጩን እንዴት እንደሚያተርፉት ንገራቸው። ስለ ስልቱ አይጠይቁህም። የጠማው ሰው ብዙ አያወራም፤ በዚህ ታውቀዋለህ።»