ርካሿ ጠመንጃ ስትፈታ

አንድ አናጢ ነበረ። ከአባቱ የወረሳት አንዲት አሮጌ ጠመንጃ ነበረችው፤ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ፣ በመርፌዋ የጥይቱን ቂጥ ከጠርዙ የምትመታ፣ ዝንጀሮን ከማሽላ ለማባረር የምትሆን ትንሽ ጠመንጃ። ትልቁን መግዛት ለማይችል ድሃ ታስባ በርካሽ የተሠራች ነበረች።

ወንዶች ለለቅሶ ሲወጡ መሣሪያቸውን በትከሻቸው ይይዛሉ። እርሱ ግን በጋቢው ይሸፍናታል። ጎረቤቱ ካሴም «ዛሬም አዝለሃት መጣህ፣ አያ? ጡት አልጣለችም እንዴ?» ይለዋል።

አንድ ቀን ሰደፏ ተሰነጠቀ። ሌላ ሊጠርብላት ፈታት።

በዚያ ሰዓት በአጠገቡ ሠርቶ የጨረሰው አንድ በር ቆሞ ነበር። በሩ የስንዱ ነው። ስንዱ ባሏ የሞተባት፣ ፍየሎቿን ከቤቷ የምታሳድር ሴት ናት፤ በአገሩም ጅብ ይበዛል። የምትከፍለው ጥቂት ነውና አናጢው የበሩን መጋጠሚያ አሳጥሮ ቆርጦ፣ ክፍተቱን በኮላና በሰጋቱራ ሞልቶታል። ቀለም ሲቀባ ማን ያየዋል?

ጠመንጃዋ ተፈታች። አናጢው ጎንበስ ብሎ ውስጧን አየ።

እንጨቱ ተራ እንጨት ነው። ነገር ግን ብረቱ የተኛበት ቦይ ጥፍር እንኳ እንዳያስገባ ሆኖ ተቆርጧል። በእንጨት ተሸፍኖ የኖረው ብረት አንድም የሞረድ ጭረት የለበትም። አባቱ ይህን ሳያይ ሞቷል።

ካሴ መጣ። «ርካሽ ዕቃ ስትጠግን ልትውል ነው?»

«የረከሰው ዋጋዋ ነው፤ ሥራዋ አልረከሰም። እስቲ ዳስሰው።»

ካሴ ዳሰሰው። «ማን ሊያይለት ነው እንዲህ የለፋው?»

አናጢው ወደ በሩ ይመለከት ነበር።

ስንዱ በሯን ልትወስድ ስትመጣ በሩ ፈርሶ አገኘችው።

«አልቋል ብለኸኝ አልነበረም እንዴ፣ አያ? ዛሬ ለጅቡ ምን ልበለው?»

«አበላሽቼ ሠርቼው ነበር፤ እንደገና ልሠራው አፈረስኩት» አላት። «እስኪያልቅ ድረስ ከደጅሽ እኔ አድራለሁ።»

አደረም።

ወገኖቼ፣ ያንን ብረት የሞረደውን ሰው ስሙን አናውቅም። ገዢው ድሃ እንደሆነ ግን ያውቅ ነበር። ውስጡን ፈትቶ እንደማያይበትም ያውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ለፋ? ለድሃ የሚሠራ ሥራ ይርከስ ብሎ ያዘዘን ማን ነው?

በቋንቋችን ዋጋው የወረደውን ነገር ረከሰ እንላለን። ክብሩ የተደፈረውንም ቅዱስ ነገር ረከሰ እንላለን። ቃሉ አንድ ነው። እናንተ ግን ሁለቱን አታምታቷቸው። ዋጋ ሲረክስ የሚጎድለው ኪሳችሁ ነው። ሥራ ሲረክስ የሚረክሰው እጃችሁ ነው፤ ያንኑ እጅ ደግሞ ለጸሎት ትዘረጉታላችሁ።

እናንተ ሐኪሞች፣ ዘመድ የሌለውን በሽተኛ እንዴት ትመረምሩታላችሁ? እናንተ መምህራን፣ ወላጁ መጥቶ የማይጠይቅለትን ልጅ እንዴት ታስተምሩታላችሁ? እናንተ ልጆች፣ ማየት የተሳናት እናታችሁ የምትበላበትን ሳህን እንዴት ታጥቡታላችሁ?

አቤት ማለት የማይችል ሰው ጉዳይ በእጃችሁ ካለ፣ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። ወደ እርሱ ሂዱ።