በሩን ዝጉና ስሙ

«አልሰማም አልኩህ። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ጉባኤ ፊት አልቆምም።»

«ዝም በዪ። የተሰጠሽን በገዛ አፍሽ አታፍርሺው።»

«ምን ተሰጠኝ? ጆሮዬ እንደሆነ እናቴ ስትወልደኝ አብሮኝ የመጣ ነው።»

እንዲህ እየተባባሉ አንድ ባልና አንዲት ሚስት በአሮጌ ፒካፕ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ባል መሪ ይዟል፣ ሚስት ከጎኑ ተቀምጣለች። ከየት እየመጡ ነው? ከጸሎት። አዎ ወገኖቼ፣ ከጸሎት እየተመለሱ ነው። የሚጣሉትም ጸሎቱ ተመልሷል፣ አልተመለሰም በሚል ነው።

ባልየውን ላምቦሬ እንበለው፤ ሴቲቱን ፋናዬ። በሆሳዕና ዙሪያ ጎመንና ድንች ከገበሬው እየገዙ ወደ ከተማ ገበያ ያወርዳሉ። ላምቦሬ ስብከት ይወዳል። በፍላሽ አስጭኖ መንገዱን ሁሉ በመኪናው ቴፕ ሲያዳምጥ ይውላል። ማዳመጡ ብቻ አይበቃውም፤ ዳገቱን ሲጨርስ ድምፁን ቀነስ ያደርግና ሚስቱን፣ አሁን ሰባኪው ምን አለ፣ ብሎ ይጠይቃታል።

ፋናዬ አልሰማሁም ትላለች።

መጀመሪያ እንቅልፍ ነው አለ። ቀጥሎ ልብሽ እዚህ የለም፣ ልብሽ ከኋላ ድንቹ ላይ ተጭኗል አላት። እሷ ግን የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ በእኔ በኩል በሩ ውስጥ ያለው ስፒከር አይናገርም። ድምፁ ካንተ በር ተነሥቶ፣ የሞተሩን ጩኸት አቋርጦ እኔ ጋ ሲደርስ ቃሉ አይለይም። እኔ የሚደርሰኝ ጉርምርምታው ነው።

አንዳንዴ ግን ይናገራል። መከራዋም ይኸው ነበር። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ስፒከሩ ድንገት ይከፈትና የሰባኪው ድምፅ ጥርት ብሎ ጉልበቷ አጠገብ ይወጣል። «ይኸው መጣ!» ትላለች። ላምቦሬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሊሰማ ሲል ጠፍቷል።

እስቲ ንገሩኝ፣ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም የምትል ምስክር ማን ያምናታል? ጨርሶ የሞተ ነገር ምስክር አያሻውም፤ ሁሉም ያየዋል። አንዴ እየሠራ አንዴ እምቢ የሚል ነገር ግን አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ውሸታም ያደርገዋል። ከእንዲህ ያለ ነገር አጠገብ የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ።

ላምቦሬን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትስሉት። አጣርቷል። መኪናውን አቁሞ፣ ዞሮ፣ የሚስቱን በር ከፍቶ፣ አንድ እግሩን መሬት አስረግጦ በወንበሯ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አዳምጧል። ይናገራል። ሸምሱ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋም ወስዶታል። ሸምሱ በሩን ከፍቶ የውስጥ ልባሱን ፈታ፤ ስፒከሩን አውጥቶ ሌላ ገጠመ። ይናገራል። የድሮውን መልሶ ገጠመ። እሱም ይናገራል። ከተከፈተው በር ፊት ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ጋሼ፣ መኪናው ጤነኛ ነው፣ ሌላ ነገር ይፈልጉ አለው።

ሌላ ምን ቀረ? ጆሮ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ፋናዬ ጆሮዋ የከበደ ሴት ሆነች። ባሏ አዝኖላት ጮክ ብሎ ያናግራት ጀመር። ጎረቤት ደህና አደርሽ ሲላት አፉን እንደ በር ይከፍታል። በሴቶች ኅብረት ጸሎት የምትመራበት ተራ ነበራት፤ እንዳትቸገር ብለው ለሌላ ሰጡት። እሷን የጠየቃት አልነበረም። አይሰማትም ብለው ነዋ!

በመጨረሻ ላምቦሬ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ጋ ወሰዳት። እጃቸውን በጆሮዋ ላይ ጭነው ጸለዩ፤ ከልባቸው ጸለዩ። ሲያበቁ አንዱ፣ እንግዲህ ይታይ አለና ወደ ግቢው ወጡ። ፋናዬን መኪናው ውስጥ ወንበሯ ላይ አስቀመጧት፤ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ሁሉም በበሩ ዙሪያ ቆሙ። ላምቦሬ ቴፑን ከፈተ።

«ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ።»

እልልታው ቀለጠ። እሑድ ወጥታ እንድትመሰክር ተያዘላት። አመስግነው ተሰናበቱ። በሩ ተዘጋ፤ ላምቦሬ ሞተሩን አስነሣ፤ ከግቢው ሳይወጡ የእሷ ስፒከር ዝም አለ።

የመንገዱ ጠብ እንግዲህ ይህ ነው።

እስከ እሑድ አላቋረጠም። ላምቦሬ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ለመናት። ሽማግሌዎቹን ታሳፍሪያለሽ አላት። የጌታን ክብር ትቀሚያለሽ አላት። እሷም፣ የጌታ ክብር ያንተ ቴፕ ውስጥ መቼ ገባ ብላ መለሰችለት። አንድ ቃል ብቻ ብትናገር ምን ይጎዳታል ሲል ግን ሥራዋን አቁማ ቀና አለች።

«የምሕረት አባት» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ፤ «ልብ ብለህ ስማኝ። ተፈወስኩ ካልኩ ታምሜ ነበር ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አልሰማሁም፣ አልገባኝም፣ አልስማማም ባልኩ ቁጥር በሽታዋ አገረሸባት ትላላችሁ። ዕድሜ ልኬን እንዲህ እንድትሉኝ በገዛ አፌ አልፈርምላችሁም።»

ስሙ ወገኖቼ። ይህች ሴት የተከራከረችው ለስብከቱ ብቻ አይደለም። ዛሬ ቃሏን ካስረከበች ነገ የምትናገርበት አፍ አይኖራትም። እሷ ይህን አውቃለች። እኛ ብዙዎቻችን ሳናውቅ ነው የምናስረክበው።

ቅዳሜ ከሰዓት መኪናው ደጅ ቆሞ ላምቦሬ ከገበሬዎች ጋር ድንች ያስመርጣል። ፋናዬ ገብታ ቴፑን ከፈተች፤ የላምቦሬን ስፒከር በትራስ ደፈነችው። ከዚያ የራሷን በር ቀስ እያደረገች ወደ ራሷ ሳበችው። ስፒከሩ ይናገራል። ትንሽ ሳበችው፤ ይናገራል። በሩ ሊዘጋ መዳፍ የምታህል ክፍተት ሲቀረው ድምፁ ቀጥ አለ። መልሳ ከፈተችው፤ ተናገረ። ደጋግማ ሞከረች። ሄዳ ለባሏ ነገረችው። እሱ ድንቹን እያየ፣ ነገ ትናገሪያለሽ አላት።

ነገ ተናገረች።

እሑድ የጉባኤው መሪ ስሟን ጠራ። ፋናዬ ወጥታ ማይኩን ተቀበለች።

«ስለጸለያችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጆሮዬ ግን አልታመመም ነበር። የታመመው የመኪናችን በር ነው።»

ሰው ሳቀ። መሪውም ፈገግ እንዳለ ማይኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

«እኔ ቦታ ተቀምጦ በሩን የዘጋ ሰው የለም። ሁላችሁም የሞከራችሁት በሩን ከፍታችሁ ነው። መኪናው ውጭ ቆሟል። እስቲ አንድ ሰው ይምጣና በሩን ይዝጋ።»

ሳቁ ቆመ። የተነሣ ሰው አልነበረም። ላምቦሬ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ ያያል። መጨረሻ ላይ ጋሽ ሀንዲሶ፣ በዕድሜ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚበልጡት፣ በጆሮዋ ላይ መጀመሪያ እጃቸውን የጫኑት፣ ከዘራቸውን ፈለጉ።

«መቀመጥ ብቻ ከሆነ እኔን የሚቀድመኝ የለም» ብለው ተነሡ።

ወጡ። ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ጉባኤው ወጣ። ጋሽ ሀንዲሶ ተደግፈው ገብተው በፋናዬ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ላምቦሬ ቴፑን ከፈተ፤ የእሱን ስፒከር በነጠላዋ ሸፈኑት። ሰባኪው ይናገራል። ፋናዬ የተኛ ሕፃን እንደማይቀሰቅስ ሰው በሩን ቀስ አድርጋ ገፋችው። ድምፁ ቃል መካከል ተቆረጠ። ከፈተችው፤ መጣ። ዘጋችው፤ ሄደ። ሽማግሌው በመስኮቱ መስተዋት ውስጥ፣ ክፈቺው፣ ዝጊው፣ ደግሞ ክፈቺው እያሉ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ከዚያ እግራቸውን አውጥተው ጓደኞቻቸውን አዩ።

«ልጆች፣ እጃችንን የጫንነው ቦታው ላይ አይደለም» አሉ።

ላምቦሬ በእሑድ ሱሪው ተንበረከከ። በሩ ከመኪናው አካል ጋር በሚገናኝበት፣ ማጠፊያው አጠገብ፣ ሽቦዎቹ የሚያልፉበት የጎማ ቱቦ አለ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር አብሮ የሚተጣጠፍ እሱ ነው። ቱቦውን ከቦታው ነቅሎ ሽቦዎቹን ሳባቸው። ላያቸው ደህና ነው፤ ጭረት የለባቸውም። አንዱን በጣቶቹ መካከል ሲያጥፈው ግን አንድ ቦታ ላይ እንደ ክር ለሰለሰበት። በቢላ ሲልጠው የውስጡ መዳብ አረንጓዴ ሆኖ ተበጥሷል። በሩ ሲከፈት ጫፍና ጫፉ ይነካካል፤ ሲዘጋ ይለያያል።

እዚህ ላይ ልቁምና ወደ እናንተ ልምጣ።

ፈውስ የለም እያልኩ አይደለም። ታምሜ ተጸልዮልኝ የተነሣሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። የምለው እግዚአብሔር ክብሩን በእኛ ውሸት አያቆምም ነው። ያልታመመችውን ተፈወስኩ በዪ ብሎ ማስገደድ እምነት ነው? አይደለም። ደግሜ እላለሁ፣ አይደለም።

«በእኔ በኩል አይሰማም» ያላችሁ ሰው አለ? ሚስት፣ ልጅ፣ ሠራተኛ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ወንድም? ምን አላችሁት? እኔ ጋ ይሰማል አላችሁት። እውነት ነው፣ መሪ የያዘው ሰው ጋ ይሰማል። ቀጥላችሁስ ምን አደረጋችሁ? በሩን ከፍታችሁ፣ አንድ እግራችሁን ውጭ አድርጋችሁ፣ ለአፍታ ተቀመጣችሁ። ከዚያ ተነሥታችሁ ጤነኛ ነው አላችሁ።

ባሎች ሆይ፣ በሩ ተከፍቶ ሰው ሲከባችሁ እኮ ሁላችሁም ትናገራላችሁ። እንግዳ ሲመጣ ቃላችሁ ይጣፍጣል፤ ሚስታችሁን በሰው ፊት የምትጠሩበት ስም ያስቀናል። እንግዳው ሲወጣና በሩ ሲዘጋስ? ሽማግሌ ቤታችሁን ሊመረምር ቢመጣ በሩን ከፍቶ ነው የሚመረምረው። ደህና ናቸው ብሎ ይሄዳል። በሩ ተዘግቶባት የምትቀር ሴት ናት የምታውቀው። እሷን ጠይቋት። የምትነግራችሁን ስትነግራችሁ ደግሞ ጆሮዋን አትያዙ።

በዚያ ወንበር ለተቀመጣችሁትም እናገራለሁ። ሰማሁ አትበሉ። ይለምኗችኋል፤ ሰው እንዳይከፋ፣ ቤት እንዳይፈርስ፣ ሽማግሌ እንዳያፍር ይሏችኋል። ሰማሁ አትበሉ። ይስቁባችኋል፤ ተራችሁን ለሌላ ይሰጡባችኋል። ማይኩን ሊቀበሏችሁ እጃቸውን ይዘረጋሉ። አትስጡ። ኑና እኔ ቦታ ተቀመጡ፣ በሩንም ዝጉት በሏቸው።

እናንተ ከበስተኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይደርሳችኋል? ካልደረሳችሁ አሜን አትበሉ። እኔ ስለምናገር ብቻ አሜን አትበሉ። አይሰማም በሉኝ፤ መጥቼ አጠገባችሁ እቆማለሁ።

የጀመርኩትን ልጨርስላችሁ።

ላምቦሬ የዛገውን ቆርጦ ጣለ፤ ቀዩ መዳብ እስኪወጣ ላጠው፤ ትርፍ ሽቦ ቀጥሎ አጣመረውና መጋጠሚያውን የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ጠቀለለበት። እንደገና እንዳይወጠር ላላ አድርጎ በጎማው ውስጥ መለሰው። ሰዉ ከላይ ሆኖ ይመክረዋል፤ አንዱ አጥብቀው ይላል፣ አንዱ አላላው ይላል። ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ለመጀመሪያ ጊዜ በሚስቱ ወንበር ላይ ሁለት እግሩን አስገብቶ ተቀመጠ። በሩን ዘጋ። የነበሩ ሰዎች፣ ከውጭ በመስተዋቱ እናየው ነበር ይላሉ፤ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ብዙ ቆየ። ወጥቶ ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀቀ። ሌላው ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ሰማ፣ ወጣ። ቀጣዩ ገባ። ወረፋ ሆነ። ጋሽ ሀንዲሶ በከዘራቸው ተራ ያስይዛሉ፤ ልጆች ሳይቀሩ ካልገባን አሉ፤ ግቢው በበር መክፈትና መዝጋት ድምፅ ተሞላ።

ፋናዬ ነጠላዋን ከላምቦሬ በር ላይ አንሥታ አራገፈችው። ተከናነበችና፣ ይቅርታ የጠየቃት ሳይኖር፣ በሰዎቹ ጀርባ በኩል አልፋ፣ በግቢው መውጫ ወጥታ፣ የቤቷን መንገድ በእግሯ ያዘች።