ማንም ያልዘራው አቀንጭራ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ ጋሽ ደምሰው፣ ማናህሎሽ ጥያቄዋን ሳትጨርስ። ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ናቸው። እሷ የካንሰር መድኃኒት ስትወስድ ከርማ፣ ትናንት ጎኗ ላይ እንደ እሳት የሚያቃጥል ሽፍታ ወጥቶባት፣ «ጎረቤቴ ናት መተት ያስደረገችብኝ፤ አይደል?» ልትላቸው ነበር የመጣችው።

«ይህ ገበሬ ከአባቱ የወረሰው የማሽላ ማሳ ነበረው። ከብቶቹ በድርቅ አልቀው መሬቱ ፍግ ካጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አንድ ቀን ማሽላው ገርጥቶ አገኘው። ከሥሩ አቀንጭራ በቅሏል፤ ያ የማሽላ ሥር የሚጠባ አረም። ዝም ካለው ልጆቹ የሚበሉት የለም። ሰው ሲከፋው መጀመሪያ የሚያየው የጎረቤቱን ደጅ ነውና ዱላውን ይዞ ሄደ። ‹ዘሩን ማሳዬ ላይ የበተንከው አንተ ነህ!› አለ።

ጎረቤቱ ሽማግሌ ነበር፤ አልተቆጣም። ማሳው ድረስ አብሮት ሄዶ አንዱን አረም ከነሥሩ ነቀለና መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ‹አንተ ልጅ ሳለህ ይሄን ከአባትህ ጋር በደቦ ነቅለነዋል። ዘሩ አቧራ ነው የሚያክለው፤ አልጠፋም፣ አፈር ውስጥ ተኝቶ ነበር። መሬትህ ሲደክም ተነሣ። የበተነው ሰው የለም› አለው።

ገበሬው አፈረ፤ ዱላውንም ጣለ። አቀንጭራው ዘር ሳይጥል ለመንቀል ግን የአንድ ሰው ጉልበት አይበቃምና ሽማግሌው መንደሩን ጠራለት። በሦስት ቀን ነቅለው ጨረሱ። ፍግም በየቅርጫታቸው አመጡለት። ማሽላው አጠረ እንጂ አፈራ።»

ጋሽ ደምሰው ወደ ማናህሎሽ ዞሩ።

«አንቺም በልጅነትሽ ጉድፍ ወጥቶብሽ እናትሽ አስታመውሽ ድነሻል። ሽፍታው ጠፋ እንጂ በሽታው ከሰውነትሽ አልወጣም፤ ተኝቶ ቆየ። አሁን መድኃኒቱ አቅምሽን ሲያደክመው አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ተነሣ። ማንም ምንም አላደረገብሽም፣ ልጄ። ደግሞ መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ከተያዘ ይድናል። ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ጎረቤትሽ ታድርስሽ።»

«እሷ?» አለች ማናህሎሽ፣ ነጠላዋን ጎኗ ላይ እየሰበሰበች።

«እሷ። ለደቦ የሚጠራው ዘመድ ብቻ አይደለም።»