የቅሬያችን ፊልትሮ

ደሴ፣ እኛ ሰፈር፣ የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የማያውቁ ሰዎች ስብሰባ ሲጠሩ አንዱ ከኋላ አንዲት አባባል ይወረውራል። ቤቱ በሙሉ ይስቃል፤ እኛ ጥቂቶቹ ግን አንገታችንን ደፍተን ጫማችንን እናያለን። አባባሏ ከሰማይ አልወረደችም፤ የወለድናት እኛው ነን።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ቅሬያችን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ለቅሶ ቤት የሚያደርስ አንድ ያረጀ ፒክአፕ ነበረው። ሾፌሩ አበጋዝ ዘይት ሊቀይርለት ሲል፣ «ይሄ ሞተር ሽማግሌ ነው። ደህና የዘይት ፊልትሮ ይገዛለት፤ ቆሻሻውን የሚያስቀርለት ከሌለ ዘይት መቀየሩ ከንቱ ድካም ነው» አለን። የትኛውን እንደሚፈልግም ነገረን። ሂድና ግዛ ብንለው ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን የቅሬ ዕቃ ያለ ኮሚቴ አይገዛም። ምርጫው ለሦስት ሰው ተሰጠ፤ ለቅቤ ነጋዴዋ ለወርቄ፣ ለግንበኛው ለይማምና ለእኔ ለልብስ ሰፊው።

ባለሱቁ ፊልትሮዎቹን ደረደረልን። ወርቄ አንድ በአንድ እያነሣች አሸተተች። ይማም በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን አስጠጋ። እኔ ቀለምና ስፌት አየሁ፤ ቀዩ ደስ አለኝ። አበጋዝ ያለው ጥቁሩን ነበር።

«ጥቁር?» አልኩ። «ለቅሶ ቤት ያለው ጥቁር አንሶን ነው?»

«አፉ ላይ ያለውን ጎማ እዩት እንጂ!» አለ አበጋዝ ከበሩ ላይ። «የቀዩ ጎማ ስስ ነው፣ ዘይት አይዝም!»

«አንተ ድምፅ የለህም» አለው ይማም።

ወርቄ ሽታው ደህና ነው ላለችው ለቢጫው ቆመች፤ እኔና ይማም ለቀዩ እጃችንን አነሣን። ቀዩ በድምፅ ብልጫ አለፈ። አጨበጨብን እኮ።

ሐምሌ ላይ የእማማ ትጓደድ ባል አረፉ። ባልና ሚስቱ ቅሬውን ካቋቋሙት ነበሩ፤ ለስንቱ ድንኳን ሲያስተክሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አሁን ተራው የእሳቸው ሆነ። ቤታቸው ዳገት ላይ ነው፣ ግቢው ክፍት ነው፣ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ዝናቡን መቅደም ነበረብን።

ድንኳኑን ጭነን ዳገቱን ስናጋምስ የመኪናው የዘይት መብራት ቀይ በራ። አበጋዝ አቁሞ ከሥር ገባ። ዘይቱ በፊልትሮው ጎማ በኩል ይንዠቀዠቃል።

«ከዚህ ወዲያ አይነዳም» አለ። «ሞተሩ ደርቆ ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቀራል።»

«ቤቱ እኮ ይታያል!» አለች ወርቄ።

«ቢታይስ?»

ይማም ድንኳኑ ላይ እንደተቀመጠ «እንግዲያው በድምፅ ይወሰን» አለ። ቀልዱን እንዳይመስላችሁ። እጅ ወጣ፤ እኔማ ሁለቱንም እጆቼን አወጣሁ። አበጋዝ «ቅሬ ካዘዘኝ እኔ ማን ነኝ» ብሎ ነዳ። መኪናው ጥቂት ተንገጫግጮ ቀጥ አለ። ዝናቡም ያኔ ጀመረ።

ድንኳኑን ተሸክመን ወጣን። የረጠበ ሸራ ምን ያህል እንደሚከብድ የተሸከመ ያውቀዋል። ስንደርስ ለቀስተኛው በጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጣብቋል፣ ቦታ ያጣው በዝናብ ይደበደባል፣ እማማ ትጓደድም ነጠላቸው ሰውነታቸው ላይ ተለጥፎ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ለሰው ሁሉ መጠለያ ሲያቆሙ የኖሩት ሴት፣ በራሳቸው ሐዘን ዝናብ ሲወርድባቸው ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«መኪናው የታለ?» አሉ።

«ሞተሩ ነከሰ፣ እማማ» አልኩ። «ፊልትሮው አፈሰሰና...»

«አበጋዝ ነው የመረጠው?»

«ኧረ የለም። ኮሚቴው ነው። በድምፅ ብልጫ።»

እማማ እንባቸው ሳይደርቅ ሦስታችንን ተራ በተራ አዩን፤ ከዚያም ትከሻችን ላይ የሚንጠባጠበውን ሸራ አዩና ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ፊልትሮ በድምፅ ብልጫ፣ ድንኳን በትከሻ!» አሉ።